«እንዲህ ነዋ!»

ሙያ ያለው ሰው አጠገብ ቆሞ «እንዴት አድርገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። መልሱ ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ «እንዲህ ነዋ!» ይልና ያደርገዋል። ሸማኔው መወርወሪያውን በድሩ መሃል አሾልኮ በሌላው እጁ ቀለብ ያደርግና «እንዲህ!» ይላል። ሹሩባ ሠሪዋ ሦስቱን ዘለላ አንዴ ታጣምራቸውና «እንዲህ!» ትላለች። መኪና የሚያስተምረው ሰውዬ ማርሹን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ጎተት ያደርግና «እንዲህ!»። ሠርግ ላይ እስክስታ ለማስተማር የሚነሱት አጎትማ ቃሉንም አይጨርሱትም፤ ገና «እን...» ሲሉ ትከሻቸው ቀድሟቸዋል።

ጠያቂው ደግሞ ምንም አልገባውም። «እስቲ ቀስ ብለህ አሳየኝ» ይላል። ባለሙያው ቀስ ይላል፤ ቀስ ሲል ሥራው ይበላሽበታል። መወርወሪያው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ማርሹ ይንገጫገጫል። ያኔ ባለሙያው ጠያቂውን በጥርጣሬ ያየዋል። ይህ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሁሉ ነገር ደህና ነበር!

ነገሩን ወደ ንፉግነት የሚወስዱት አሉ። «ሙያ በልብ ነው» ሲባል የሰማ ሰው ሙያውን ቢሸሽግ ምን ይገርማል? ጠጅ የምትጥል ሴት የጌሾውን መጠን ለጎረቤቷ ስትነግር አንድ ነገር አስቀርታ ነው የሚል ሐሜትም አለ። (ሐሜቱ እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም።) «እንዲህ ነዋ!» ግን ሌላ ነው። ሰውዬው አፉ የሚያውቀውን ሁሉ አውጥቶ ሰጥቷል። የቀረውን የሚያውቀው እጁ ነው፤ እጁ ደግሞ የሚያውቀውን ለአፉ ነግሮት አያውቅም።

ነገሩ ጎልቶ የታየኝ የአጎቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የመጣች ጊዜ ነው። እዚያ እንጀራ በፕላስቲክ ታሽጎ በየሐበሻው ሱቅ ይሸጣል፤ ስለዚህ ችግሯ የእንጀራ እጦት አልነበረም። «በገዛ እጄ መጋገር እፈልጋለሁ» ብላ ነው የመጣችው። ለዚሁም የወጥ ቤት ሚዛን፣ ማስታወሻ ደብተርና የምጣዱን ሙቀት የምትለካበት ቴርሞሜትር ይዛለች። አክስቴ ቴርሞሜትሩን ሲያዩ «ምነው፣ ያመመው ሰው አለ እንዴ?» አሉ።

ትምህርቱ ተጀመረ። «ሊጡ ምን ያህል ይቅጠን?» ስትል ጠየቀች። «ቀጠን ይበል እንጂ አይቅጠን» አሉ። «ምጣዱ መጋሉ በምን ይታወቃል?» «ይታወቃል።» ልጅቱ ሁለቱንም ጻፈች።

ከዚያ አክስቴ ምጣዱን በማሰሻ ጠረግ አደረጉና ሊጡን በጣሳ ቀድተው፣ ከዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሃል ሰበሰቡት። ዓይን እስኪያወጣ ጠብቀው አክንባሎውን ከደኑ። «እንዴት ነው ክፍተት ሳይተዉ የሚያዞሩት?» አለች።

«እንዲህ ነዋ!»

«ማለቴ፣ አክስቴ፣ የሚዞረው ክንድዎ ነው ወይስ አንጓዎ?»

አክስቴ ጣሳውን እንደያዙ ቆሙ። እጃቸውን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን የጋገሩበትን እጅ ከዚያ በፊት በዚያ ዓይን አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ቀጣዩን ሲያፈሱ ዓይናቸው ከምጣዱ ወደ አንጓቸው፣ ከአንጓቸው ወደ ምጣዱ ይመላለስ ጀመር። እንጀራው መሃሉ ሳስቶ ዳሩ ተቆለለ። «አንቺ ልጅ፣ እጄን አሳጣሽኝ!» አሉ። ለቡና የመጡት ጎረቤት ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ዓይን ነው» አሉ።

ጎረቤታችን ብዙም አልሳቱም። ዓይኑ ግን የሰው ዓይን ሳይሆን የገዛ የአክስቴ ዓይን ነው። ጋብሪየሌ ዉልፍ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ጥናት፣ ሰዎችን የበረዶ ሸርተቴ መለማመጃ መሣሪያ ላይ አውጥታ ነበር። አንዳንዶቹ «እግራችሁን ልብ በሉ» ተባሉ፤ ሌሎቹ «ከእግራችሁ ሥር ያሉትን የመሣሪያውን ጎማዎች ልብ በሉ» ተባሉ። በእግርና በጎማው መካከል ያለው ርቀት እዚህ ግባ አይባልም። ሆኖም ጎማውን ያሰቡት እግራቸውን ካሰቡት በልጠው ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በኳስም በሌላም ጨዋታ ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው፤ ሐሳብ ወደ ሥራው ሲሄድ እጅ ይፈታል፣ ሐሳብ ወደ እጅ ሲመለስ እጅ ይተሳሰራል።

አክስቴ ይህን ጥናት አላነበቡም። ጣሳውን ጠበቅ አድርገው ያዙና «እጄን ምን ታያለሽ? ምጣዱን እይ!» አሉ። የአሠልጣኞች ኮርስ በሙሉ እዚህች ላይ አለ።

ለነገሩ የልጅቱ ጥያቄ ቢመለስላትም አይጠቅማትም ነበር። ክንድ ትከሻ ላይ በ3 አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ ክርን 1 ይጨምራል፤ ከክርን በታች መጠማዘዙ ሌላ 1፤ አንጓ 2። በድምሩ 7 ነው። መዳፍን አንድ ቦታ ላይ በአንድ አኳኋን ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ግን 6 ብቻ ነው። አንዷ ትርፍ ናት፤ ችግሩን ሁሉ የምታመጣውም እሷ ናት። አንባቢ ያላመነ እንደሆነ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ይጫንና ሳያንቀሳቅሰው ክርኑን ወደ ላይና ወደ ታች ያድርገው። መዳፉ ባለበት ነው፤ ክንዱ ግን ስንትና ስንት ዓይነት ሆነ። እንግዲህ አንጎል ይህን ሁሉ አማራጭ ፊቱ ዘርግቶ ነው ለአንዲት ቡና ሲኒ እጁን የሚልከው።

ትርፏ ምን እንደምትሠራ የታየው ሞስኮ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እዚያ ማዕከላዊ የሥራ ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም ነበር። መሥራቹ አሌክሲ ጋስቴቭ ገጣሚ ነበር፤ ምኞቱም የአገሩ ሠራተኛ ሁሉ መዶሻ ሲያነሳ አንድ ዓይነት እንዲያነሳ፣ ሲያሳርፍም አንድ ዓይነት እንዲያሳርፍ ነው። (ገጣሚ ሲደራጅ ያስፈራል።) እዚያ የገባው ወጣቱ ኒኮላይ በርንስታይን ሠራተኞቹ ክንድ ላይ ትናንሽ አምፖሎች አስሮ መዶሻ ሲመቱ ፎቶግራፍ አነሳቸው። የብርሃኑን መንገድ ሲያጠና ያገኘው ነገር ለጋስቴቭ ደስ የሚል አልነበረም። የሠለጠነው ሠራተኛ መዶሻ እየደጋገመ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ክንዱ ግን ሁለቴ በአንድ መንገድ አይሄድም። ትከሻው ያጎደለውን ክርኑ ይሞላል፣ ክርኑ ያበዛውን አንጓው ይቀንሳል። ጎበዝ ማለት ያንኑ እንቅስቃሴ የሚደግም ሳይሆን ያንኑ ሥራ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚፈታ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ የአጎቴ ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ዳግመኛ የማይመጣ «እንዲህ» ነው። አክስቴ በማግስቱ የሠሩት ሌላ «እንዲህ» ነበር። እንጀራው ግን ያው እንጀራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጨለማ እንግባ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ራት ሲበላ መብራት ድንገት ድርግም ይላል። «ሻማ!» የሚል ይነሳል፤ ስልኩን አብርቶ የሰው ፊት ላይ የሚደቅን አይጠፋም፤ «አፋችንን እንዳንስት ነው እንዴ?» ብሎ የሚቀልድም አለ። ሻማው እስኪገኝ ማንም መብላቱን አላቆመም። እጅ ከትሪው ይነሳል፣ ጨለማውን ያቋርጣል፣ አፍ ይገባል። በዚህ መንገድ አፉን ስቶ ዓይኑ ውስጥ በርበሬ የከተተ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ይህኛው እንዲያውም እንደ መዳብም አልተቆጠረም። እጅዎ በጨለማ የት እንዳለ ማን ነገረዎት? ዓይን አላየ፣ ጆሮ አልሰማ። ትምህርት ቤት ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጥናቸው አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ውስጥ መልሱ የለም። እንግሊዛዊው የነርቭ ሳይንቲስት ቻርለስ ሸሪንግተን ነው እ.ኤ.አ. በ1906 ለዚህ ስሜት ስም ያወጣለት፤ በ1932 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ሰው ነው። የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ስም ሰሌዳችን ድረስ ሳይመጣ ቀረ።

ወሬውን የሚያቀብሉት ጡንቻ ውስጥ የተሰገሰጉ ጥቃቅን አካላት ናቸው። መሃላቸው ወፈር፣ ጫፍና ጫፋቸው ሾል ያለ ስለሆነ ሳይንቲስቶቹ እንዝርት ይሏቸዋል። ጡንቻው ሲለጠጥ፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደተለጠጠ ለአንጎል ይነግራሉ። ጅማቱ ጋ ደግሞ ምን ያህል ኃይል እየጎተተ እንደሆነ የሚለኩ ሌሎች አሉ፤ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ቆዳም ሲሳብ የበኩሉን ያዋጣል። እናቶቻችን በአንድ እንዝርት ጥጥ ሲፈትሉ ክንዳቸው ውስጥ ስንት እንዝርት አብሮ እንደሚሠራ ማን ነገራቸው?

ይህ ሁሉ ወሬ ታዲያ ስለ ገዛ አካል ብቻ ነው። ማስረጃው ጉርሻ ነው።

አጎቴ መብራት ጠፋ ብለው ጉርሻ የሚያቋርጡ ሰው አይደሉም። አንድ ምሽት አማቻቸው ተጋብዞ ነበርና ልክ ሊያጎርሱት ሲሉ መብራት ሄደ። «በሞቴ፣ አፍህን ክፈት!» አሉ በጨለማው። «ከፍቻለሁ» አለ። ጉርሻው ጆሮው ላይ አረፈ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ነውና ሁለተኛው ተከተለ፤ እሱ አፍንጫውን አገኘው። «ቀና በል እንጂ!» ይላሉ፤ «ቀና ብያለሁ!» ይላል። መብራት ሲመጣ አማቹ ፊት ላይ ሽሮ ያልነካው ቦታ አፉ ብቻ ነበር። ያ እጅ በሌላ ጊዜ የገዛ ባለቤቱን አፍ በጨለማ ያለ አንዳች ስህተት ሲያገኝ የኖረ እጅ ነው። የራሳቸው አፍ የት እንዳለ አንገታቸው ይነግራቸዋል፤ የአማች አፍ የት እንዳለ የሚነግር እንዝርት ግን አልተፈጠረም።

የገዛ እንዝርታችንም ቢሆን ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጉድዊን፣ ማክሎስኪና ማቲውስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የሰው ክንድ ጅማት ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ቢያስደግፉ፣ ዓይኑን የተሸፈነው ሰው የቆመ ክንዱ ሲንቀሳቀስ ተሰማው። እንዝርቶቹ ንዝረቱን ሲያዩ «ጡንቻው እየተለጠጠ ነው» ብለው መሰከሩ፤ አንጎልም አመነ። በ1988 ደግሞ ጄምስ ላክነር ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወሰደው። ሰዎቹ በጣቶቻቸው አፍንጫቸውን እንደያዙ ከክርን በላይ፣ በክንዳቸው በፊት በኩል ያለውን ጡንቻ አንቀጠቀጠ። እንዝርቱ «ክንዱ እየተዘረጋ፣ እጁ ከፊት እየራቀ ነው» ይላል። ጣቶቹ «ኧረ እኛ አፍንጫውን አለቀቅንም» ይላሉ። ሁለቱም ምስክሮች የታመኑ ናቸው፤ አንጎል ማንንም ሐሰተኛ ማለት አልፈለገም። ስለዚህ በጠቡ ውስጥ ባልነበረው በአፍንጫው ላይ ፈረደ፤ አፍንጫው እየረዘመ ነው! ከሰዎቹ አንዳንዶቹ አፍንጫቸው ሲረዝም ተሰማቸው። ከዚህ ፍርድ የባሰ ፍርድ በየቀበሌው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ምክንያት ያለው ግን አላጋጠመኝም።

ወሬው ጭራሽ ሲቋረጥስ? ክንዱን ተጭኖ የተኛ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ነቅቶ ደረቱ ላይ የተጋደመ የሰው እጅ ያገኛል፤ ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ ባለቤት የሌለው። በሌላው እጁ አንስቶ ሲወረውረው የራሱ ትከሻ ይከተለዋል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እጅ ግን ሳያውቅ ነው የሚተኛው፣ ሲነቃም ሚሊዮን መርፌ ይዞ ነው የሚነቃው። የሰፈራችን ሰዎች ይህን «ሰይጣን ተጭኖኝ» ይሉታል። የታመቀው ነርቭ ነው፤ የተጫነውም ባለቤቱ ራሱ።

ይህ እንግዲህ ማወቁ ነው፤ መማሩ ደግሞ ሌላ ቀልድ አለው።

የሰፈራችን አንድ ባለታክሲ መሪዋ ወደ ቀኝ የምትጎትት አሮጌ መኪና ነበረችው። ከዓመታት ብዛት ክንዱ ሳይነግሩት መሪውን ወደ ግራ ደገፍ አድርጎ ይይዛል፤ መኪናዋም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንድ ቀን የወንድሙን አዲስ መኪና ተዋሰ። ገና ከግቢ ሲወጣ ወደ ግራ ሄደ። አቃናት፤ እንደገና ወደ ግራ። ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ይህች መኪና ጤና የላትም» አለ።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሬዛ ሻድመርና ፈርዲናንዶ ሙሳ-ኢቫልዲ በታዋቂው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሰዎች የሮቦት እጀታ ይዘው ከነጥብ ወደ ነጥብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ሮቦቱ ግን መንገድ ላይ ወደ ጎን ይገፋቸዋል። መጀመሪያ እጃቸው ተጣመመ። ሲደጋግሙት ግፊቱ እያለም ቀጥ ብለው መሄድ ቻሉ። ከዚያ ግፊቱን ድንገት ሲያጠፉት እጃቸው በተቃራኒው ተጣመመ። ክንዳቸው ግትር ሆኖ ግፊቱን ቢቋቋም ኖሮ ግፊቱ ሲጠፋ ቀጥ ባለ ነበር። እሱ የተማረው የሚመጣውን ቀድሞ መጠበቅ ነው። ባለታክሲያችንም የሚጠብቀው ጎታች ቀረበት።

ስህተትን ቆጥሮ ቀጣዩን የሚያርመው፣ ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል ነው። ትንሹ ይባል እንጂ በአንጎላችን ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ወደ 69 ቢሊዮኑ የሚገኙት እዚያ ነው። እሱ የተጎዳበት ሰው ይስታል፣ ነገም በዚያው ልክ ይስታል። መጠጥም ቶሎ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ከጠጅ ቤት የወጣ ሰው እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ክንድዎን አልፎ ሲሄድ በማን እንደሚፈርዱ ይወቁ።

ትምህርቱ ከስህተት ስለሆነ ስህተቱን የሚበላ ሰው ያስፈልጋል። የአጎቴ ልጅ በጋገረችበት ሰሞን ቤቱ ፍርፍር ብቻ ሆነ። ጠዋት ፍርፍር፣ ማታ ፍርፍር። የኢትዮጵያ ካርታ የሚመስል ወጣ፤ የማንም አገር ካርታ የማይመስልም ወጣ። አክስቴ ሁሉንም በትዕግስት ቆራርሰው ድስት ውስጥ ከተቱት። ደብተሩ በመጀመሪያ ሳምንት ሞላ፣ ከዚያ መጻፉ ቀረ፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩ መሳቢያ ገባ። አንድ ጠዋት ክብ፣ ዓይኑ የበራ እንጀራ ምጣዱ ላይ ተገኘ። ሁላችንም ተሰበሰብን። «እንዴት አደረግሽው?» አልኳት። አፏን ከፈተች፣ ትንሽ አሰበች፣ ጣሳውን በአየር ላይ አንዴ አዞረችውና የአክስቴን መልስ በአክስቴ ድምፅ መለሰችልኝ። ያን ያህል ገጽ ጽፋ!

ከእሷ የባሰ ተማሪ ነበር። አሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌይሰን የሚጥል በሽታው እንዲቆምለት እ.ኤ.አ. በ1953 አንጎሉን ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። ያናገረው ሰው ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኮከብ ሥላ፣ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ በመስመሩ ላይ እንዲሄድ አዘዘችው። የሞከረ ያውቃል፤ በመስታወት ሲታይ እጅ ወደ ፈለጉት ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ነው የሚሄደው። ሄንሪ በ3 ቀን ውስጥ ጥሩ አድርጎ ተማረው። በየቀኑ ግን ሲቀርብለት ሥራውን አይቼው አላውቅም ይላል። እጁ ተማሪ ቤት ሲመላለስ ባለቤቱ አልሰማም ማለት ነው። እሱን «እንዴት አደረግከው?» ቢሉት «እንዲህ ነዋ» እንኳ ለማለት መብት ያለው አይመስለኝም።

ታዲያ «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ ያለው ሰው በዓለም ላይ የለም? አለ። እሱም ክንዱ ምንም የማያውቅ ሰው ነው።

ኢያን ዋተርማን እ.ኤ.አ. በ1971 የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጀርሲ በምትባል ደሴት ሥጋ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ሕመም ያዘው፤ ሕመሙ ሲለቀው ከአንገት በታች የመዳሰስና የአካልን አቀማመጥ የማወቅ ስሜቱን ይዞበት ሄደ። ጡንቻው ደህና ነው፤ ትኩስና ቀዝቃዛ ይለያል፣ ሕመምም ይሰማዋል። እጁ የት እንዳለ ግን ካላየው አያውቅም። አልጋ ላይ ተኝቶ ክንዱ ሳያዝዘው ሲንሳፈፍ ያየው ነበር። ከዚያ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በዓይኑና በሐሳቡ እንደገና ተማራት፤ የትኛው ጡንቻ ይጥበቅ፣ የቱ ይላላ፣ ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ ሰውነት ላለመውደቅ ምን ያህል ወደ ኋላ ያዘንብል። ወራት ፈጅቶ ቆመ፣ ሄደ፣ መኪናም ነዳ። ታሪኩን ሐኪሙ ጆናታን ኮል በ1991 መጽሐፍ አድርጎታል።

እንቁላል ሲያነሳ ዓይኑ ካልተከታተለ እንቁላሉ ይሰበራል። የቆመበት ክፍል መብራት ድንገት ቢጠፋ ይወድቃል። እኛ በጨለማ ሽሮ ስንበላ ያየን እንደሆነ ምን ይለን ይሆን?

የአጎቴ ልጅ በዚያ ደብተሯ መሄድ የነበረባት ወደ እሱ ነው። ክንድ ነው አንጓ ብትለው፣ በቅደም ተከተል ይዘረዝርላታል፤ ምክንያቱም ለእሱ ሲኒ ማንሳት ዛሬም የሚታሰብበት ሥራ ነው። ከሁላችንም ይልቅ መናገር የሚችለው ከሁላችንም በላይ የሚቸገረው ሆነ። እጅ ዝም የሚለው ሥራውን እስከሠራ ድረስ ነው መሰለኝ።

በዚህ ሰው ላይ ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ዴቪድ ማክኒል የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁር፣ ከኮልና ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆኖ የዋተርማንን እጆች ከዓይኑ ጋረዱበትና አንድ ታሪክ እንዲተርክ ጠየቁት። ሳያይ ዕቃ መያዝ የማይችለው ያ እጅ፣ ወሬው ሲጀመር ከቃሉ ጋር እኩል ይነሳ፣ እኩል ይወድቅ ጀመር። ሲኒ ለማንሳት ዓይን ይለምናል፤ ለወሬ ግን ፈቃድም አልጠየቀ። የሚያወራ እጅ ከሚሠራ እጅ የተለየ ጌታ አለው ማለት ይመስላል።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ መንገድ ላይ በስልክ አቅጣጫ የሚያመለክቱ ሰዎችን መታዘብ ልማድ ሆኖብኛል። ባለፈው አንዱ እግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ቤቱን ላጣው እንግዳ ያስረዳል። «ቀጥ ብለህ ትመጣለህ» ይልና ክንዱን ወደ ፊት ይሰደዋል። «ዳቦ ቤቱን አልፈህ፣ ወደዚህ አይደለም፣ ወደዚህ ትታጠፋለህ» ይላል፤ መዳፉ በአየር ላይ ጥግ ይሠራል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል። እጁ ያለውን ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቤቱን ያገኘዋል። በስልኩ የሚሰማው እንግዳ ግን እየራቀ ሳይሄድ አልቀረም፤ ሰውዬው ድምፁን ከፍ አደረገ፣ እጁንም ጨመረበት።

በመጨረሻ ትዕግስቱ አለቀና «ቆይ፣ አጠገብህ ባለሱቅ አለ? ስልኩን ስጠው!» አለው። ሰጠው መሰለኝ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ሰውዬው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣበቀና ሁለቱንም እጆቹን ነፃ አውጥቶ ለባለሱቁ ከመጀመሪያው ጀመረለት።